የተክልዬን ክፍል ያሳመርን ጊዜ

አባባ ከሥራ ሰዓቱ ቀድሞ ወደ ቤት ሲመለስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የከሰዓት ፈረቃ ስለምማር ጠዋቱ የራሴ ነው። ደጃፋችን ላይ ሰኞ ማክሰኞ ልጫወት መሬቱን በከሰል እያሰመርኩ ሳለ አባባ ጌጃ ሰፈርን ከሚያቋርጠው ጠባብ መንገድ ብቅ አለ። ምሳው እንደተቋጠረ እጁ ላይ ነው። እንዳላየኝ አለፈኝ፤ መስመሬንም ረግጦ አጠፋው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መስመሩን ሲያይ ኮቱን ሰብስቦ በአንድ እግሩ ይዘልልኝና ያስቀኝ ነበር።

ተከትዬው ገባሁ። በቀጥታ የሄደው ወደ ወንድሜ ወደ ተክለጻድቅ ክፍል ነው። እንደገባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ይቀድድ ጀመር።

ያ ክፍል ከቤቱ ሁሉ የምወደው ነበር። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለችው ቤታችን ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነች። ተክልዬ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ አባባ በግቢው ጥግ አንዲት ክፍል ሠራለት፤ ውስጧን ያሳመራት ግን ራሱ ተክልዬ ነው። የሳሙና ሳጥን ጣውላ አገጣጥሞ መደርደሪያ ሠራ። አምፖሉን ከሰንበሌጥ በጎነጎነው ቆብ ሸፈነው። ግድግዳውን ጋዜጣና የመጽሔት ሥዕል ሲለጥፍበት እኔ የዱቄት ሙጫውን በጣሳ ይዤ ከሥሩ እቆም ነበር። ባሕር ነበረበት፣ ባቡር ነበረበት፣ ኳስ ተጫዋቾች ነበሩበት። በመሀል በመሀሉ ደግሞ እሱ ራሱ በከሰል የሣላቸው ነበሩ፤ እትዬ ዙሃራ ከነሱቋ፣ አቶ ቱሉ ከነአህያው፣ ከዚያም ወደ አልጋው ራስጌ የተጨበጡ እጆችና አፋቸውን ከፍተው የሚጮኹ ሰዎች። እነዚህን አልወዳቸውም ነበር፤ የተጣሉ ሰዎች ይመስሉኛል።

ተክልዬ ከገና በፊት ወሊሶ፣ የአባባ የድሮ ጓደኛ አቶ ሚደቅሳ ዘንድ ሄዷል ተብያለሁ። ወሊሶ እንዳልሄደ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ በየዘመዱ ቤት እየተደበቀ ያድር እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አባባ ወረቀቱን እየቀደደ፣ "ሠርካዲስ" ብሎ እማዬን ጠራት። እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች መጣች። "ነይ ግቢ" አላትና በሩን እላዬ ላይ ዘጋው።  ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ወዲያው ደግሞ ታፈነ። የሰው አፍ በእጅ ሲዘጋ እንደዚያ እንደሚሆን ያኔ አላውቅም።

አባባ በሩን ሲከፍት፣ "እማዬ ምን ሆነች?" አልኩት።

"መደርደሪያው ወደቀባት።"

አመንኩት። እማዬ ስትወጣ ወገቧን ይዛ ጎንበስ ብላ ነበርና ጣውላው ሆዷን የመታት መሰለኝ።

"ወረቀቱን ለምንድነው የምትቀድደው?"

"ክፍሉን ልናድሰው ነው" አለ አባባ።

"ተክልዬ ሊመጣ ነው?"

አባባ ግድግዳውን እያየ ዝም አለ። ያን ጊዜ ዝም ያለ ሰው ሁሉ እሺ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት የተቀደደውን ወረቀት ከተክልዬ መጻሕፍት ጋር በግቢው አቃጠልን። እኔ በደስታ እየተመላለስኩ አቀብለው ነበር። ባቡሩን የያዘውን ሥዕል ግን ለራሴ ልደብቀው ስል አባባ ከእጄ ወሰደው፤ ጀርባው ላይ የተክልዬ ጽሕፈት ነበረበት።

ያን ጠዋት ምን እንደሆነ የነገረችኝ እትዬ ዙሃራ ናት፤ እኔም ሃያ ዓመት ከሞላኝ በኋላ። አባባ ወደሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሲሄድ በአብነት በኩል ያልፋል። መንገድ ዳር የተሰበሰበ ሰው አየ። ሦስት ወጣቶች መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ደረታቸው ላይ ወረቀት ተደርጎባቸዋል። መሀከለኛው ተክልዬ ነበር። አባባ ቆሞ ሲያይ ጠመንጃ የያዘው ሰው፣ "ምነው፣ ታውቀዋለህ እንዴ?" አለው። በዚያ ዘመን የወደቀውን "አውቀዋለሁ" ያለ ሰው ቤቱ ይበረበራል፣ የቀረው ልጅም ይታፈሳል። አባባ፣ "አላውቀውም" አለና መንገዱን ቀጠለ። ከሰውየው ዓይን እስኪሰወር ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ በሌላ መንገድ ዞሮ መጣ፣ የእኔንም መስመር ረግጦ ገባ።

በማግሥቱ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ገባ። አቶ ቱሉ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጭድ በአህያ ጭኖ አመጣ። እትዬ ዙሃራ ሱቋን ዘግታ፣ እትዬ ወርቅዬና እትዬ ሸዋዓለም ቀሚሳቸውን አሸርጠው መጡ። ወረቀቱ ሲላጥ ግድግዳው አብሮ ስለተፈረፈረ እንደገና መመረግ ነበረበት። በግቢው መሀል አፈሩ ተከመረ፣ ውኃ ተደፋበት፣ ጭዱ ተነሰነሰበት። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተያይዘው ጭቃውን ረገጡ። እማዬ መሀል ነበረች፤ እትዬ ወርቅዬ በአንድ ወገን፣ እትዬ ዙሃራ በሌላው ወገን ብብቷን ይዘዋታል። አፋቸውን ሳይከፍቱ ያንጎራጉራሉ። የሥራ ዘፈን መሰለኝ፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁና አብሬያቸው ረገጥኩ። እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ምርጊቱ ሲጀመር እማዬ ጭቃውን በሁለት እጇ እያነሳች ከግድግዳው ጋር ታላትመው ጀመር። የሌሎቹ ሥራ ቀስ ያለ ነው፤ ይለጥፋሉ፣ በመዳፋቸው ያለሰልሳሉ። እሷ ግን በጥፊ ነው የምትመታው።

"እማዬ፣ ይንጠባጠባል እኮ" አልኳት።

እትዬ ዙሃራ ወደ ጎን ሳብ አደረገችኝ። "ተያት" አለችኝ። ከዚያ ለእማዬ፣ "ምቺው ሠርካዲስ። ግድግዳ ነው፣ ምንም አይልም። ምቺው" አለቻት።

እኔም ጭቃ የሚጸናው በጥፊ ሲመታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በትንሽ እጄ ከእማዬ ጎን ቆሜ እየመታሁ ዋልኩ። የእማዬ ፊት በጭቃ ተለውሶ ነበር፤ ከዓይኗ ሥር ሁለት ንጹሕ መስመር ወርዷል።

ያን ዘመን የተገደለ ሰው አይለቀስለትም። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ለማስተዛዘን መሰብሰብ የተከለከለ ነው፤ ደረቱን የደቃ የጠላት ወገን ይባላል። እኔ በጭቃ የተጫወትኩበት ያ ቀን ለቅሶ ነበር። በእረፍት ሰዓት እትዬ ሸዋዓለም በእንቅብ ያመጣችው ንፍሮ የለቀስተኛ ንፍሮ ነበር፤ እኔ ግን ሠራተኞቹ እንዲጠግቡ መስሎኝ ኪሴን ሞልቼ ነበር።

ንፍሮውን እየበላን ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ገቡ። አንደኛው ዋቅሹማ ይባላል፤ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ጫማ ይሰፋ ነበር፣ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ያውቃል። ሌላውን ወጣቱን ግን አይቼው አላውቅም።

"የምን ስብሰባ ነው?" አለ ወጣቱ።

"ስብሰባ አይደለም፣ ምርጊት ነው" አለች እትዬ ዙሃራ፣ ጭቃ የለበሰ እጇን ዘርግታ እያሳየች።

"ለቅሶ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል።"

 አባባ ከበርሜሉ አጠገብ ባልዲ እንደያዘ ቆመ። ለቅሶ የሚለው ቃል እኔን አሳቀኝ፤ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሥራ ይዘን ለቅሶ ማለቱ። ሰውየው የማያውቅ መሰለኝና ላስረዳው ፈለግሁ።

"ለቅሶ አይደለም። ወንድሜ ሊመጣ ነው፤ ክፍሉን እያሳመርንለት ነው" አልኩት።

ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ፊቴን አየ። "ከየት ነው የሚመጣው ወንድምሽ?"

"ከወሊሶ።"

ከዚያ ቀና ብሎ እማዬን አያት። "እውነቷን ነው?"

እማዬ አየችኝ። ያን አስተያየት ዛሬም ሳስታውሰው ስም አላገኝለትም። "እውነቷን ነው" አለች።

"መቼ ነው የሚመጣው?"

እትዬ ወርቅዬ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት እማዬ ቀደመቻት። "ለፋሲካ" አለች። "ለፋሲካ ይመጣል።"

"ሲመጣ ቀበሌ ይዛችሁት ኑ፤ ይመዝገብ።"

"እሺ። አስመዘግበዋለሁ።"

ዋቅሹማ ይህ ሁሉ ሲሆን ወደ መሬት ያይ ነበር። "በል እንሂድ፣ ምርጊት ነው" አለው ጓደኛውን። ሲወጣ የግቢውን በር ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ዘጋው። እሱ እንደሚያውቅ ዛሬ አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያዳናቸውም ይኸው አለማወቄ ነው። እማዬና አባባ ጥቂት ቀን አሳድረው ሊነግሩኝ አስበው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲያ ግን እንዴት ይንገሩኝ? ያ ወጣት መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ "ወንድምሽ መጣ?" ይለኝ ነበር፤ እኔም ፊቴ በርቶ፣ "ለፋሲካ" እለው ነበር።

ጭቃው ሲደርቅ ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። የሁሉም ሰው ዓይን ቀላ፤ "ኖራው ነው የሚያቃጥል" ይባባሉ ነበር፤ እኔም ዓይኔን እያሻሸሁ ኖራ ነው አልኩ። የእማዬ ፀጉር ላይም ብዙ ፈሰሰባት። እትዬ ወርቅዬ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና፣ "ኖራ የበላው ፀጉር አይለቅም" ብላ በመቀስ ከሥሩ ቆረጠችላት። ልጅ የሞተባት እናት ፀጉሯን እንደምትላጭ አላውቅም፤ እኔ ያሳዘነኝ ተክልዬ ሲመጣ እማዬን አጭር ፀጉር አድርጋ ማግኘቱ ነበር። እንዲያውም፣ "እስከ ፋሲካ ያድጋል?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ያድጋል" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን የማሳመሩ ነገር የእኔ ሆነ። አንድ ነገር በሐሳቤ በመጣ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ አንዱም እንቢ አልተባለም። እማዬ የዱቄት ከረጢት አጥባ እየቀጣጠለች ኮርኒስ ሰፋች። አባባ ከማተሚያ ቤት የተቆራረጠ ባለቀለም ወረቀት ያመጣልኝና ሰንሰለት እየሠራሁ ከጥግ እስከ ጥግ አንጠለጥላለሁ። ከእትዬ ዙሃራ ልጅ ከሀሚዳ ጋር ደግሞ በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ቆርኪ እንለቅም ነበር። አባባ በምስማር ይበሳልናል፤ እኛ በሲባጎ እየሰካን ለበሩ መጋረጃ ሠራን። ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል።

ሁሉም ሲያልቅ አንድ ቀረ። እትዬ ሸዋዓለም ቤት ግድግዳ ላይ በጥልፍ የተጻፈ ጨርቅ አይቼ ነበር። "ለተክልዬ፣ እንኳን ደህና መጣህ የሚል እንጥለፍለት" አልኳቸው።

እማዬ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር። ክሩ ቀዳዳውን ሳተ፤ ደጋግማ ሞከረች፣ ደጋግሞ ሳተ። "እሺ" አለች በመጨረሻ።

አባባ አቡጀዲው ላይ ፊደሉን በእርሳስ ጻፈ፤ ጽሕፈቱ ያምራል። ዙሪያውን ሐረግና ሁለት ወፎች ሣለበት። የክሩን ቀለም የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ፊደሎቹ ቀይ፣ ወፎቹ ሰማያዊ። ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ተሰብስበው ይጠልፉ ጀመር። እንደገና ለመቀመጥ ምክንያት ሆናቸው፤ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲሠሩ ማን ምን ይላል? "እንኳን" የሚለውን እትዬ ወርቅዬ ሠራችው፣ "ደህና" የሚለውን እትዬ ሸዋዓለም። እማዬ ሐረጉንና ወፎቹን ሠራች። "መጣህ" የሚለው ሲቀር ጨርቁን አጠፈችው፤ ለብዙ ቀናትም እንደታጠፈ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ ፋሲካ ደረሰ እኮ" እላታለሁ።

"እጄን አሞኝ ነው።"

በመጨረሻ እትዬ ዙሃራ ተቀበለቻት። እትዬ ዙሃራ ፊደል አልቆጠረችም። መስመሩን በመርፌዋ እየተከተለች፣ እንደ ሐረግ አድርጋ ሠርታ ጨረሰችው። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ዓይኗ ስለማያነበው ግን ለእጇ ቀለላት። ጨርቁን ከአልጋው በላይ፣ የተጨበጡት እጆች በነበሩበት ቦታ ሰቀልነው።

በፋሲካ ቀን አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ የግቢው በር ላይ ቆምኩ። እማዬ አላበሰለችም አልልም፤ ሁሉንም አድርጋለች። እትዬ ዙሃራም ከሱቋ ብስኩት ላከች። መንገዱ ላይ ረጅም ልጅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ሲረፋፍድ አባባ ኮቱን ለብሶ ወጣና ከጎኔ ቆመ።  እኔ ወደ መንገዱ ሳይ እሱም ያያል። "ያ አይደለም?" ስለው፣ "አይደለም፣ እሱ ይረዝማል" ይለኛል። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ጥላው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ አብሮኝ ቆመ። ዛሬ እኔ አባባ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ያን ያህል ሰዓት በዚያ በር ላይ ለመቆም ግን አቅሙ የለኝም።

"መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል" አለችኝ እማዬ ልታስተኛኝ ስትል። "ለሚመጣው ፋሲካ ይመጣል።"

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። በየዓመቱ ጾሙ ሲገባደድ ክፍሉ ኖራ ይቀባል፣ ጨርቁ ይታጠባል፣ ኮርኒሱ ይራገፋል። እኔ እጠይቃለሁ፣ እማዬ ትመልሳለች።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከሀሚዳ ጋር ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናብ ያዘንና አንድ በረንዳ ተጠለልን። ሀሚዳ ጭቃውን በጫማዋ እየነካካች፣ "ወንድምሽ የሞተ ጊዜ ግቢያችሁ ውስጥ ጭቃ ስትረግጪ ትዝ ይልሻል?" አለችኝ። ተንኮል አልነበረባትም። የማውቅ መስሏታል። እኔም፣ "አዎ፣ ትዝ ይለኛል" አልኳት። ዝናቡ እስኪያባራ ሌላ ሌላውን አወራን።

ከዚያ ወደ ቤት ስሄድ የማስበው ስለ ተክልዬ አልነበረም። የማስበው ስለ እማዬ ነበር። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እትዬ ዙሃራ ታውቃለች፣ ሀሚዳ ታውቃለች። ክፍሉን በየዓመቱ የምታሰናዳ እናት ግን እንዴት ታውቃለች? እማዬና አባባ አልሰሙም ብዬ ደመደምኩ። ብትሰማ ትሞትብኛለች አልኩ። ያልጠየቅሁ እንደሆነ ትጠረጥራለች ብዬ፣ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ "ተክልዬ ዘንድሮ ለፋሲካ ይመጣል?" አልኳት።

"ይመጣል" አለች።

ፊቷን ወደ ልቃቂቷ መለሰች። እኔም ምንም እንዳልጠረጠረች አረጋግጬ ወጣሁና ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ስወጣም ፊቴን በደንብ ታጠብኩ።

ከፍ ስል፣ እማዬ ከመጀመሪያው ታውቅ እንደነበር ገባኝ። ንፍሮው ገባኝ፣ ፀጉሯ ገባኝ። ያን ጊዜ ግን መጠየቄን ማቆም አልቻልኩም። ካቆምኩ ማወቄን ታውቃለች፤ እኔ እንዳላውቅ ብላ የከፈለችው ሁሉ ከንቱ ይሆንባታል። ስለዚህ ትልቅ ልጅ ሆኜም፣ ኖራውን እየቀባሁ፣ ድምፄን የልጅ አስመስዬ እጠይቃለሁ። እሷም ትመልሳለች። አባባ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር።

አባባ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሞተ። ጉበቱን ነው የታመመው፤ በአልጋው ላይ፣ እማዬ እጁን እንደያዘች ነው የሞተው። የዕድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። በግልጽ ለሞተ ሰው ማንም ለቅሶ አይከለክልም፤ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። እትዬ ዙሃራ፣ እትዬ ወርቅዬ፣ እትዬ ሸዋዓለም እማዬን ከበው ተቀመጡ። ዋቅሹማ ሳይቀር መጥቶ ከድንኳኑ ጫፍ ቆመ።

እማዬ ለአባባ አለቀሰች። "ወልደገብርኤል፣ አለኝታዬ" እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ ይቀበሏታል። ከዚያ ድምጿ ከፍ ሲል፣ "እኔስ አንተንም፣ የእኔን ል..." ትልና ዓይኗ እኔ ላይ ያርፋል። ቃሉን ትውጠዋለች።  እንደገና ትጀምራለች፣ እዚያው ቦታ ስትደርስ እኔን ታያለች፣ እንደገና ትውጣለች። እትዬ ዙሃራ ጉልበቷን ጨበጥ ታደርጋታለች። ፊቷ በእንባ ርሶ ሳለ እንኳ እኔን ትጠብቀኛለች።

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅም ነበር፤ በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። እማዬ ፊት ተንበርክኬ፣ "ተክልዬ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። "ተክልዬ፣ ወንድሜ፣ ሳንቀብርህ" አልኩ።

 እማዬ በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

"ታውቂያለሽ?" አለች በቀስታ።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አራተኛ ክፍል እያለሁ።"

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓመታቱን እየመለሰች፣ በየዓመቱ የጠየቅኋትን አንድ በአንድ እያስታወሰች እንደነበር ያስታውቃል። ከኋላዋ እትዬ ወርቅዬ የተክልዬን ስም አንስታ ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ ሌሎቹም እየተቀበሏት፣ የዚያን ሁሉ ዓመት ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ያፈሱት ጀመር። እማዬ ግን እነሱን አልሰማቻቸውም።

"ብቻሽን?" አለችኝ። "ይህን ሁሉ ዓመት፣ ተናኝዬ፣ ብቻሽን?"

ራሴን ደረቷ ላይ አስደግፋ ያን ጊዜ ጮኸች። ለአባባ አልነበረም፤ ለተክልዬም አልነበረም።